የሲፒዩ ደጅ ጠኚዎች

ኮምፒውተር ላይ ዘፈን ከፍቶ ጎን ለጎን ሌላ ሥራ መጀመር ድፍረት የሚጠይቅበት ዘመን ነበር። ዘፈኑ ሞቅ ብሎ ሲወርድ ቆይቶ፣ በዚያው ማሽን ላይ ከርነል ኮምፓይል ማድረግ ስንጀምር ድምፁ ይንተባተባል፤ ማውሱ ስክሪኑ መሀል ተገትሮ ይቀራል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ዘሎ እጃችን ወደመራው ጥግ ይደርሳል። የሚደነግጥ አልነበረም። «ሲፒዩው ተይዟል» እንባባላለን፤ አንዱ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፣ ሌላው የኮምፓይሉ ጽሑፍ ሲንዠቀዠቅ እያየ ቁጭ ይላል። ያለን አንድ ሲፒዩ ነው፤ በአንድ ቅጽበት የሚያስተናግደውም አንድ ፕሮግራም ነው፤ የቀረው ደጅ ይጠናል። ዘፈኑ የተንተባተበው ወረፋው ስላልደረሰው እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ወረፋውን ያስረዘመው ማን እንደሆነም እናውቃለን፤ አጠገባችን ተቀምጧል።

ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕ አይንተባተብም። ስምንት ኮር አለው። በዚህች ደቂቃ ስንት ፕሮሰስ እንደተሸከመ ብጠይቀው የመቶዎች ዝርዝር ያወርድልኛል፤ ከዝርዝሩ በስም የማውቀው ከሩብ አይበልጥም። አንዱ ፎቶዎቼን ይመረምራል፤ አንዱ አዲስ ስሪት ወጥቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ አንዱ ሌሎቹ በሕይወት መኖራቸውን ይቆጣጠራል። ማስታወቂያ የበዛበት የዜና ገጽ ስከፍት ሌሎች ይጨመሩበታል። ማን ማንን ቀድሞ ሲፒዩ እንዳገኘ አላይም። ማራገቢያው አልፎ አልፎ ይጮሃል፤ በማን ምክንያት እንደሆነ ግን አይናገርም።

የኦፕሬቲንግ ሲስተም መምህራችን ይህን ትምህርት የጀመረልን ከወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጆንያው ነው። ባለቤቷ ጆንያዋን አስደግፋ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ትሄዳለች፤ ወረፋው በተጠጋ ቁጥር አንድ ደግ ሰው በእግሩ ገፋ ያደርግላታል። ከርነል ውስጥም ፕሮግራሙ ራሱ አይሰለፍም፤ የሚሰለፈው ማን እንደሆነ፣ የት ላይ እንዳቆመ፣ ምን ምን እንደያዘ የሚናገር ትንሽ መዝገብ ነው። ቀጠለ መምህሩ። አንዲት እናት ሁለት ኪሎ ሽሮ ይዘው ይመጣሉ፤ ከፊታቸው ድግስ ያለበት ቤት አንድ ኩንታል ጤፍ ደርድሯል። «የእኔ ትንሽ ናት፣ ቶሎ ትውጣልኝ» ይላሉ፤ ሰውም ያስቀድማቸዋል። አጭሩን ሥራ ማስቀደም ማለት ይኸው ነው። አብረው የተሰለፉትን ሁሉ አማካይ ጥበቃ በጣም የሚያሳጥረው እሱ መሆኑም በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ጣጣው ትንንሽ ጆንያ የያዙት እየተከታተሉ ከመጡ ባለ ኩንታሉ እስኪመሽ ቆሞ መቅረቱ ነው። ታዲያ ለሁሉም አንዳንድ ቁና እየፈጨን ብናዟዙርስ? አንዱ ተማሪ ጠየቀ። «በርበሬ የያዘች ብትኖርስ?» አለ መምህሩ፤ ክፍሉ ሳቀ። በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ወፍጮው ሳይጸዳ ጤፍ አይገባበትም። በየቁናው ከተቀያየረ ወፍጮኛው ሲጠርግ ይውላል እንጂ አይፈጭም። ሲፒዩም ከአንዱ ፕሮሰስ ወደ ሌላው ሲዞር ይህን ጠረጋ ይከፍላል፤ የወጪውን መዝገብ አስቀምጦ የገቢውን ያነሳል፣ ካሽ ውስጥ ሞቆ የቆየው መረጃም ለገቢው አይረባውም። የጊዜ ቁራሹ ሲያጥር ጠረጋው ይበዛል፤ ሲረዝም ጠባቂው ይሰለቻል። መምህሩ ጠመኔውን አንስቶ አራት ማዕዘኖችን በቀስት አገናኝቶ ሰሌዳው ላይ ሳለ። ያ ሥዕል እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

መማሪያ መጻሕፍቱ ዛሬም ያንኑ ሥዕል ያትማሉ። ዊንዶውስን በሚመለከት ሥዕሉ ብዙም አያሳፍርም፤ ከ0 እስከ 31 የተቆጠሩ የቅድሚያ ደረጃዎች አሉት፣ ለየደረጃው ወረፋ አለው፣ ከላይኛው ወረፋ ሰው እያለ የታችኛው አይጠራም። ከታች ሆነው ወደ አራት ሴኮንድ ያህል የጠበቁትን በየሴኮንዱ እየዞረ የሚፈልግ፣ አግኝቶም ለጊዜው ወደ ላይ የሚያወጣ አንድ ተቆጣጣሪ አለ። የሊኑክስ ተራ ፕሮግራሞች ግን እንደ ሥዕሉ ተሰልፈው መቆም ካቆሙ ከ15 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ተማሪው ጆንያ ስሎ ፈተናውን ያልፋል፤ ሥራ ሲይዝ የሚያገኘው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩትን ታላላቆቻችንን ሳስብ ትንሽ እቀናለሁ። በፓንች ካርድ ዘመን ሥራውን ለኦፕሬተሩ ያስረከበ ሰው ውጤቱን የሚያየው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ነበር። ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1961 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲቲኤስኤስ የተባለውን ሥርዓት ለዕይታ አቀረቡ። ብዙ ሰው በየፊናው ተርሚናል ላይ ተቀምጦ አንዱን ማሽን እንደ ግሉ ይጠቀምበታል። ወረፋቸው ባለ ብዙ እርከን ነበር። አዲስ ሥራ እንደ መጠኑ በአንዱ እርከን ይገባል፤ በተሰጠው ቁራሽ ካልጨረሰ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር ጥሪው ይዘገያል፣ ሲጠራ ግን ቁራሹ እጥፍ ይሆንለታል። ሥራው ይርዘም ይጠር አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ማሽኑ ከጠባዩ ይማራል ማለት ነው። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ የሰው ልጅ ደግሞ ያማረ ሕግ ሲያይ ቀዳዳ ይፈልጋል። መማሪያ መጻሕፍት እንደሚያወሩት፣ ተርሚናሉ ላይ የመስመር መመለሻዋን ቁልፍ የነካ ሰው ሥራው ወደ ላይኛው እርከን ከፍ ይልለት ነበር፤ «ከማሽኑ ጋር እየተነጋገረ ነው» ተብሎ። ከባድ ስሌት የያዘ አንድ ተጠቃሚ ይህችን ደረሰባትና በየጥቂት ሴኮንዱ ቁልፏን ዝም ብሎ ይጠቀጥቅ ጀመር። ሥራው ፈጠነለት። ጥፋቱ ለወዳጆቹም መንገሩ ነው።

በዚያው ኤምአይቲ የነበረው አይቢኤም 7094 በ1973 ሲዘጋ፣ በ1967 ገብቶ ስድስት ዓመት ሙሉ ወረፋ ያልደረሰው ዝቅተኛ ቅድሚያ የተሰጠው ሥራ ተገኘ የሚል ወሬም አለ። መጻሕፍቱ ራሳቸው ወሬ ብለው ነው የሚጽፉት። የእኛ ክፍል ግን እንደ እውነት ነበር የተቀበለው፤ የሬጅስትራር ወረፋ የምናውቅ ሰዎች ነበርንና ለማመን አልተቸገርንም።

ዛሬ ቁልፍ በመጠቅጠቅ የሚፈጥን የለም። የሚገርመው ግን ያ ሰውዬ ያደረገውን የሚያደርጉ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ሥራ ሳይኖራቸው በየጥቂት ሚሊሰኮንዱ የሚነቁ፣ «አለሁ» ብለው ተመልሰው የሚተኙ፤ ባትሪ የሚበሉትም እነሱ ናቸው። ባለቤቱ ስለማያያቸው ወቀሳው የሚወርደው ባትሪው ላይ ነው።

የእኛ የሊኑክስ ዘመን የስሪት 2.4 ዘመን ነው። የወረፋው ነገር በሙሉ ያለው አንድ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ርዝመቱ አንድ ሺህ ጥቂት መቶ መስመር። አትመነው በስቴፕለር ነክሰን፣ ካፍቴሪያ ይዘነው እንሄድ ነበር፤ ዳርቻው በእርሳስና በሻይ ተሞልቶ ነበር። ሐሳቡን ለማንም ማስረዳት ይቻላል። መሮጥ የሚችሉት ፕሮሰሶች በሙሉ አንድ ዝርዝር ላይ ናቸው። ሲፒዩ ነጻ ሲሆን ከርነሉ ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር እያንዳንዱን ነጥብ እየሰጠ ያልፋል፤ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ይሮጣል። የሁሉም ቁራሽ ሲያልቅ ለሁሉም እንደ አዲስ ይታደላል፤ ካለፈው ዙር ያልጨረሰ ያስተረፈውን ግማሽ ይዞ ይሻገራል። ይህች ግማሽ ብልሃት ነበረች። ኪቦርድ እየጠበቀ የሚተኛ ፕሮግራም ቁራሹን ስለማይጨርስ ትንሽ ትንሽ ያጠራቅማል፤ ሲነቃ ነጥቡ በልጦ ይገኛል። ድሃው ጽሑፍ አርታኢ ኮምፓይለሩን የሚቀድመው በዚህ ነበር። ፋይሉን አንብቦ የጨረሰ ተማሪ ማሽኑ የሚቀጥለውን ማንን እንደሚጠራ በእጁ አስልቶ መናገር ይችላል። እኔም ጓደኞቼም በዚህ ተወራርደን እናውቃለን፤ መያዣው ሻይና ብስኩት ነበር።

ጉድለቱ የታወቀ ነው። ዝርዝሩ ላይ አምስት ሰው ሲኖር ሁሉንም መመዘን ቀላል ነው፤ አምስት ሺህ ሲሆን መራጩ ከተመራጩ የበለጠ ሲፒዩ ይበላል። ሲፒዩው ሁለትና አራት ሲሆን ደግሞ ሁሉም ያንኑ አንድ ዝርዝር በአንድ ቁልፍ ስለሚቆልፉት፣ ሲፒዩዎቹ ራሳቸው እርስ በርስ ወረፋ ይጠብቃሉ።

በ2002 መጀመሪያ ላይ ሃንጋሪያዊው ኢንጎ ሞልናር ይህን ሁሉ ጠርጎ በአዲስ ተካው። እያንዳንዱ ሲፒዩ የራሱ ወረፋ ኖረው፤ ያም ወረፋ 140 ዝርዝሮች ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹ 100 ጊዜ ለማይሰጡ ሥራዎች፣ የቀሩት 40 ለእኛ ለተራዎቹ። የትኛው ዝርዝር ባዶ እንዳልሆነ በአንዳንድ ቢት ይመለከታል፤ የመጀመሪያዋን የበራች ቢት ማግኘት ብቻ ነው። አምስት ሰው ይሰለፍ አምስት ሺህ፣ የመምረጫው ጊዜ ያው ነው። ቁራሹን የጨረሰ ወደ ሁለተኛ የዝርዝሮች ስብስብ ይሻገራል፤ የመጀመሪያው ባዶ ሲሆን የሁለቱ ስም ይለዋወጣል፣ በቃ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። የተበላሸው በግምቱ በኩል ነው። ማን ከሰው ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ ለማወቅ ከርነሉ ማን ብዙ እንደተኛ ይቆጥራል፤ ብዙ የተኛ እስከ አምስት ደረጃ ይሸለማል፣ ያልተኛ እስከ አምስት ይቀጣል። ዘፈን ማጫወቻው ተሸለመ። መስኮቶችን የሚሥለው ፕሮግራም ግን ሥራ ሲበዛበት ስለማይተኛ ተቀጣ፤ ስክሪኑ ላይ መስኮት ስንጎትት ጥላውን እየጣለ ይከተለን ነበር። ቀዳዳው ሲደፈን ሌላ ይከፈታል፤ ለዚያም ሌላ ግምት ይጨመራል። ቀጭኑ ፋይል መወፈር የጀመረው ያኔ ነው።

በኮምፒውተር ላባችን ደግሞ ሁላችንም በየተርሚናላችን የምንገባበት አንድ ሰርቨር ነበር። ከባድ ሥራ ያለው ሰው ናይስ በሚባለው ትእዛዝ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዲያስገባ በሩ ላይ ማሳሰቢያ ተለጥፏል። ቁጥሩ ከኔጌቲቭ 20 እስከ 19 ይሄዳል፤ ሲጨምር ለሌላው ይለቃሉ፤ ወደ ታች መቀነስ ግን የአስተዳዳሪው ሥልጣን ነው። ማሳሰቢያውን የሚያከብር አንድ ዝምተኛ ልጅ ብቻ ነበር፤ የመመረቂያ ስሌቱ ለሁሉም እየለቀቀ ከሁላችንም ኋላ አለቀ። እንቀልድበት ነበር። የቀረነው ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ የገባ ፕሮግራም ትተን እራት እንሄዳለን። ያን ጊዜ አንዱ ቶፕ የሚባለውን ትእዛዝ ይጽፋል፤ ከዝርዝሩ አናት 99 በመቶ የያዘው ሰው ስም ይወጣል፤ ስሙም በላቡ ውስጥ በጩኸት ይጠራል። ደንቡን የሚያስከብረው ከርነሉ አልነበረም፤ እፍረት ነበር። በደንብ ይሠራ ነበር አልልም። ቢያንስ ማን ላይ መቆጣት እንዳለብን እናውቅ ነበር።

ናይስ ዛሬም አለ፤ ከበፊቱም ይልቅ ትርጉሙ ጠርቷል። ዜሮ ላይ ያለ ፕሮሰስ ክብደቱ 1024 ነው፣ አንድ ላይ ያለው 820፣ 19 ላይ ያለው 15፤ ሲፒዩ የሚካፈሉት በዚሁ ክብደት መጠን ነው። በእጁ የሚጽፈው ግን እየጠፋ ነው። ሥራችን ወደ ክላውድ ሄዷል፤ እዚያ ድርሻ በጨዋነት አይገኝም፣ ይገዛል። ባለፈው የምንሠራበት አገልግሎት ምላሹ አልፎ አልፎ ይዘገይ ነበር፤ ሲፒዩው ግን ግማሹ ሥራ ፈት ነው። ነገሩ ኮታው ሆኖ ተገኘ። በየ100 ሚሊሰኮንዱ 20 ሚሊሰኮንድ ተፈቅዶልናል። አራት ክሮች (ትሬዶች) በአራት ኮር ላይ አብረው ሲነሡ 20ዋን በአምስት ሚሊሰኮንድ ጨርሰው፣ የቀረውን 95 ቆመው ያሳልፋሉ። ወረፋ የለም፣ ቀዳሚ የለም፣ ሲፒዩውም ነጻ ነው፤ የሚጠበቀው የሚቀጥለው ዙር ነው። እንዲህ ያለውን ጥበቃ የመምህራችን ሰሌዳ አላሳየንም ነበር። ደንበኛ አገልግሎት ብንጽፍላቸው ከፍ ያለውን ጥቅል እንድንገዛ መከሩን።

2007ን የሚያስታውስ ሰው ኮን ኮሊቫስን ያስታውሳል። ኮሊቫስ አውስትራሊያዊ የማደንዘዣ ሐኪም ነው፤ የፕሮግራም ሥራ መተዳደሪያው አልነበረም። የቤት ኮምፒውተሩ ዘፈን ሲያቆራርጥበት ተበሳጭቶ ወደ ከርነሉ የገባ ሰው ነው፤ እኛን የሚመስለን ለዚህ ነው። ግምቱንና ሽልማቱን ሁሉ ትታችሁ ለሁሉም እኩል አካፍሉ፣ የቀረው ራሱ ይስተካከላል እያለ ለዓመታት ጻፈ፣ አሳየም። በዚያ ዓመት ሞልናር በ62 ሰዓት ውስጥ አዲስ ሼጁለር (ወረፋውን የሚመራውን የከርነል ክፍል) ጽፎ አወጣ፤ ሐሳቡ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው ኮሊቫስ እንደሆነም በግልጽ መሰከረለት። ከርነሉ ውስጥ የገባው ግን የሞልናር ሲኤፍኤስ ነው፤ በኦክቶበር 2007 ከስሪት 2.6.23 ጋር። ኮሊቫስ ተቀይሞ ወጣ። እኛም በየፊናችን ወገን ይዘን ተከራከርን፤ ብዙዎቻችን የሁለቱንም ኮድ አላነበብንም።

ሲኤፍኤስ ሰልፉን አፈረሰው። ቁራሽ ማደልም፣ ዙርም፣ 140 ዝርዝርም ቀረ። እያንዳንዱ ፕሮሰስ እስካሁን ምን ያህል ሲፒዩ እንደበላ በክብደቱ ተመዝኖ ይጻፍለታል፤ ሁሉም በዚያ ሒሳብ ቀይና ጥቁር በሚባለው ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ የሚጠራው ከግራ ጫፍ ያለው፣ ማለትም እስካሁን ትንሽ የበላው ነው። የተኛ ያልበላ ስለሆነ ሲነቃ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ይገኛል፤ ማንም መሸለም አያስፈልገውም። ዘፈኑ መንተባተብ ያቆመው በዚህና በኮሮቹ መብዛት ነው፤ ለየትኛው ስንት ማመስገን እንዳለብኝ አልወስንም። በ2011 ደግሞ ማይክ ጋልብሬዝ የጻፈው ትንሽ ማሻሻያ ገባ፤ ከአንድ ተርሚናል የተነሡ ፕሮሰሶች ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ እንዲቆጠሩ። የጓደኛችን ኮምፓይል ስልሳ ልጅ ቢያሰልፍም የቤተሰቡ ድርሻ አንድ ሆነ። ይህ ማሻሻያ በእኛ የላብ ዘመን ቢኖር ኖሮ ስንት ጠብ በቀረ!

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ። በ2016 ተመራማሪዎች የሊኑክስን ሼጁለር ፈትሸው የባከኑ ኮሮች ዐሥር ዓመት የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አወጡ። አራት ስሕተት አገኙ፤ በአራቱም አንዳንድ ኮሮች ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ በሌሎቹ ደጅ ላይ ፕሮሰሶች ተደርድረው ይጠብቃሉ። አንደኛው ከዚያ ከቤተሰብ ቆጠራ ጋር የተያያዘ ነው። በአንድ በኩል ብቸኛ ልጅ ያለው ቤተሰብ አለ፣ በሌላው ብዙ ልጆች ያሉት። ድርሻው በቤተሰብ ስለሆነ የብቸኛው ልጅ ጭነት የሌሎቹ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመዘገባል። ከርነሉ የኮሮቹን ቡድን አማካይ ያያል፤ ብቸኛው ልጅ ያለበት ቡድን በወረቀት ሲታይ የሞላ ይመስላል፣ ስለዚህ ከሌላው ተቀብሎ አያስተናግድም። ከውስጡ ግን ባዶ ኮር አለ። አማካይ እንዲህ ነው። አንድ ዝርዝር ብቻ በነበረ ጊዜ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ነጻ የሆነ ሲፒዩ ወደዚያው ዝርዝር መጥቶ አንዱን ይወስዳል። ለቁልፉ ሲሻሙ የነበሩት ሲፒዩዎች ተለያይተው ተገላገሉ፤ በምትኩ ጎረቤት ምን እንደጎደለው የማያውቁ ሆኑ።

ኮሊቫስም ይህን ሳያስብ አልቀረም። በ2009 ኩርፊያውን ትቶ ሲመለስ ይዞ የመጣው ለሁሉም ሲፒዩ አንድ ወረፋ ብቻ ያለው ሼጁለር ነበር፤ ስሙ እዚህ የሚጻፍ ዓይነት አይደለም። የሚቀጥለውን ለመምረጥ ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ያያል፤ በ2002 ከተጠረገው ጋር አንድ ነው ለማለት ምንም አይቀረው። የቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሰለፈው ጥቂት ነው፣ ሲፒዩውም ጥቂት ነው፣ ለሺህ ሲፒዩ የተሠራውን ለምን እሸከማለሁ ነው ነገሩ። ወደ ዋናው ከርነል አልገባም፤ ለመግባትም አልተለመነም። እኔ ግን ለወራት ተጠቀምኩበት፤ ሌላው ቢቀር አንብቤ የጨረስኩት ሼጁለር ስለነበረ።

በስልኩ በኩል የሚሆነው ሌላ ነው። ስልክ ከፊት ያለውን አፕ ያስቀድማል፤ ከኋላ ያሉት የሚደርሳቸው ፍርፋሪ ነው። ኮሮቹ ራሳቸው እኩል አይደሉም፤ ትልልቆቹ ይፈጥናሉ፣ ትንንሾቹ ባትሪ ይቆጥባሉ፤ አፕል ከ2020 ጀምሮ በላፕቶፕም እንዲህ አድርጓል። ስለዚህ ጥያቄው መቼ ትጠራለህ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የት ትመደባለህ ሆኗል፤ ዝቅ ተደርጎ የተመዘገበ ሥራ ትልቁ ኮር ባዶ ቢሆንም ትንሹ ላይ ሊቀር ይችላል። ሜሞሪ ካነሰ ደግሞ አንድሮይድ ወረፋ አያስጠብቅም፤ ከኋላ ያለውን ዘግቶ ያስወጣል። ርካሽ ስልክ ይዞ ረጅም መልእክት መጻፍ ጀምሮ፣ ለደቂቃ ሌላ አፕ ከፍቶ ሲመለስ የጻፈውን ያጣ ሰው ከዚህ ደንብ ጋር ተዋውቋል። ማን እንደወሰነበት የነገረው ግን የለም።

ሊኑክስ በ2023 ሲኤፍኤስንም ተሰናበተው። በ6.6 የገባው የፒተር ዚልስትራ ሥራ ነው፤ ሐሳቡ አዮን ስቶይካና ሁሴን አብደል ዋሃብ በ1995 ከጻፉት ወረቀት የመጣ፣ ማለትም እኛ ላብ ውስጥ ስንጨቃጨቅ ታትሞ የተቀመጠ። ዛፉ ዛሬም አለ። ለእያንዳንዱ የሚገባው ምን ያህል እንደቀረበት ይሰላል፤ ከሚገባው በላይ ያልወሰዱት ብቻ ለጥሪ ይበቃሉ፤ ከእነሱም ቀጠሮው የቀረበው ይጠራል። አጭር ቁራሽ የጠየቀ ቀጠሮው ይቀርባል፤ ድርሻው ግን አይጨምርም። ቶሎ መስተናገድና ብዙ መብላት የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። በመጠቅጠቅ የሚገኝ ነገር የለም። የሲቲኤስኤሱ ሰውዬ ቢመጣ ይከስራል። ይህን ትርፍ አልክድም፤ በጨዋነት ያልተገኘውን ሒሳብ አስገኘው። ፋይሉ ግን ከ10 ሺህ መስመር አልፏል። አትሞ ካፍቴሪያ ይዞ የሚሄድ አይኖርም፤ ማን እንደሚጠራ ተወራርዶ ሻይ የሚበላም እንደዚያው።

ከሁሉ ያልጠበቅሁት የመጣው በ2024 መጨረሻ ነው። ከ6.12 ጀምሮ ማንም የራሱን ሼጁለር ጽፎ፣ ማሽኑን ሳያጠፋ፣ እየሮጠ ባለ ከርነል ላይ መጫን ይችላል፤ ሼድ-ኤክስት ይሉታል። አብረው ከሚመጡት ምሳሌዎች ትንሹ አንድ የጋራ ወረፋ ብቻ ያለው ነው፤ መጀመሪያ የመጣ መጀመሪያ ይስተናገድ ቢባል እንደዚያ ያደርጋል። ሥራ ቦታ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ይህን አውርዳ፣ በምሳ ሰዓት የራሷን ደንብ ጨመረችበት፤ የአለቃችንን የሪፖርት ፕሮግራም ሁልጊዜ መጨረሻ የሚያደርግ ደንብ። አንድ ገጽ አይሞላም። አነበብኩት፤ ከዳር እስከ ዳር ገባኝ።

አስጀመረችው። ሪፖርቱ ቆመ። እሷም አልደነገጠችም፤ «ቆይ፣ አሁን ያባርረኛል» አለችኝ። ከርነሉ ጠባቂ አለው፤ አንድ ፕሮሰስ ለ30 ሴኮንድ ወረፋ ካልደረሰው የተጫነውን ሼጁለር አውርዶ የራሱን ይመልሳል። እንዳለችው አባረራት፤ ማሽኑም ሥራውን ቀጠለ፣ ምን እንዳጠፋችም ጽፎ ሰጣት። በእኛ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ደንብ ከርነል ውስጥ ከትቶ ማሽኑን ያደረቀ ሰው መዳኛው የፓወር ቁልፉ ነበር። ማሽኑ ሲነሣም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይመረምራል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም፣ ጥፋተኛውም ንጹሑም፣ ተያይዘን ሻይ እንወርድ ነበር። ሒሳቡን የሚከፍለው ጥፋተኛው ነው።